የምህንድስና አንደኛ ዓመት፦ ባዶ ወረቀት ላይ መሥራትን መልመድ

የመጀመሪያ የሜካኒክስ ፈተናዬን የተቀመጥኩት በሙሉ ልብ ነበር። ክፍል አልፎርፍም። ደብተሬ ንጹሕ ነው። መምህሩ ሰሌዳ ላይ የፈታውን ሁሉ ማታ ማታ እያነበብኩ "ይሄማ ገብቶኛል" ስል ነው የከረምኩት። ፈተናው አራት ጥያቄ ነበረው። የመጀመሪያውን አነበብኩት። ደግሜ አነበብኩት። ከዚያ ነጩን ወረቀት ማየት ጀመርኩ። ከየት እንደሚጀመር ጠፋኝ። ከሠላሳው ስምንት ብቻ አመጣሁ።

በኋላ ታናናሾቼን ሳስጠና ይሄው ታሪክ ሲደጋገም አየሁ። አብዛኛው የአንደኛ ዓመት ተማሪ የሚቸገረው ሰነፍ ስለሆነ አይደለም። ሌላ ሰው የሠራውን አይቶ መረዳትና ራስ መሥራት አንድ ስለሚመስለው ነው። ከዚህ በፊት በነበረው ትምህርት ልዩነቱ አይታወቅም። ፈተናው ከምሳሌው ጋር መንታ ነው፤ ቁጥሩ ብቻ ይቀየራል። ምህንድስና ውስጥ ግን ጥያቄው ራሱ አዲስ ሆኖ ይመጣል። ቀመሩን ፈተናው ላይ አትመው ሊሰጧችሁ ሁሉ ይችላሉ። የሚከብደው የትኛው ቀመር እዚህ ቦታ እንደሚሠራ መለየቱ ነው።

ስለዚህ ከዚህ በታች ያለው እርምጃ ሁሉ መለኪያው አንድ ነው፤ ደብተሩ ተዘግቶ፣ ባዶ ወረቀት ላይ፣ ብቻዬን ምን መሥራት እችላለሁ?

1. መጀመሪያ የድሮውን ሒሳብ ፈትሹ

ካልኩለስ አስፈሪ ነው እየተባለ ይወራል። እኔ ያየሁት ሌላ ነው። ተማሪው ደሪቬቲቩን በትክክል ያወጣና ከሥሩ ያለው ተራ አልጀብራ ላይ ይወድቃል። (ሀ + ለ)² ሲያይ ሀ² + ለ² ብሎ ያልፋል። የሀ² + ለ² ስኩዌር ሩትም ሀ + ለ ይሆንለታል። እንዲህ ዓይነት ጥርጣሬ ሲገባችሁ ትንንሽ ቁጥር አስገቡበት። ሀ 3፣ ለ ደግሞ 4 ቢሆን፣ 9 ሲደመር 16፣ 25 ነው፤ ሩቱም 5። 3 ሲደመር 4 ግን 7 ነው። አለቀ፤ አይሆንም ማለት ነው።

በመጀመሪያው ሳምንት፣ ትምህርቱ ገና ሳይጠብቅ፣ አንድ ሰዓት መድቡና ያለ ካልኩሌተር ራሳችሁን ፈትኑ። ክፍልፋይ መደመርና ማካፈል፣ የኤክስፖነንትና የሎጋሪዝም ሕጎች፣ የ0፣ 30፣ 45፣ 60 እና 90 ዲግሪ ሳይንና ኮሳይን፣ አንድን ቬክተር በአግድምና በቁም መክፈል፣ ሁለት ያልታወቁ ቁጥሮች ያሏቸውን ሁለት እኩልታዎች መፍታት። ከሁሉ በላይ ደግሞ ቀመር ማገላበጥ፤ አንድ ረዥም ቀመር ውስጥ የተቀበረውን ፊደል ብቻውን አውጥቶ ማስቀመጥ። እጃችሁ የተያዘበትን ምልክት አድርጉና ለሁለት ሳምንት በቀን ግማሽ ሰዓት እሱን ብቻ ሥሩ። ማንም አያያችሁም፣ ማንም አያርመውም። ግን ሴሚስተሩን ሙሉ የሚከፍላችሁ ሥራ ይሄ ነው።

2. ሳምንቱን ቁጠሩት

"ጊዜ የለኝም" ከማለታችሁ በፊት ሒሳቡን እንሥራው። ሳምንት 168 ሰዓት ነው። በቀን 8 ሰዓት ብትተኙ 56 ይሄዳል፤ 112 ይቀራል። ክፍል፣ ላብ (ላቦራቶሪ) እና ቹቶሪያል 24 ሰዓት ይውሰድ፤ 88 ቀረ። ለምግብ፣ ለመንገድ፣ ለልብስ አጠባና ከሰው ጋር ለመጫወት በቀን 5 ሰዓት ተኩል ብትይዙ 39 ገደማ ነው። ወደ 50 ሰዓት ይቀራችኋል ማለት ነው። ለአንድ የክፍል ሰዓት አንድ ወይም ሁለት የግል ሰዓት ያስፈልጋል የሚለውን የተለመደ ምክር ብትከተሉ እንኳ ይበቃል።

ታዲያ ጊዜው የት ይገባል? ተበጣጥሶ ስለሚመጣ ነው የሚጠፋው። በሁለት ክፍሎች መሃል አንድ ሰዓት፣ ከሰዓት በኋላ ደግሞ አንድ ሰዓት ተኩል። ዶርም ተመልሳችሁ ጋደም ካላችሁ ሄደ። በእነዚህ ክፍተቶች ከግቢው ሳትወጡ፣ ስልኩን ቦርሳ ውስጥ ከታችሁ፣ አንድ ጥያቄ ብቻ ሥሩ። ሁለት አይደለም፣ አንድ።

ፕሮግራም ስታወጡ ደግሞ "ካልኩለስ፣ 2 ሰዓት" ብላችሁ አትጻፉ። እንዲህ የጻፈ ሰው ሁለት ሰዓት ቁጭ ብሎ ገጽ ሲያገላብጥ ይውልና ያጠና ይመስለዋል። "ምዕራፍ 3፣ ጥያቄ 5፣ 8 እና 11" ብላችሁ ጻፉ። ተሠራ ወይስ አልተሠራም፣ መልሱ ግልጽ ነው።

ሌላም ነገር፤ የሁሉንም ኮርስ መርሐ ግብር እንዳገኛችሁ የፈተና፣ የአሳይመንትና የላብ ሪፖርት ቀኖችን በሙሉ አንድ ወረቀት ላይ ገልብጡና ግድግዳ ላይ ለጥፉ። በተለያየ ወረቀት ሲታዩ የተራራቁ ይመስላሉ። አንድ ላይ ስታዩዋቸው ሦስቱ በአንድ ሳምንት ላይ ተደራርበው ታገኟቸዋላችሁ። ያንን ሳምንት በቀይ ክበቡት። ዝግጅቱ የሚጀመረው ከእሱ ሁለት ሳምንት ቀደም ብሎ ነው።

3. ከሌክቸር በኋላ ያለችው ሩብ ሰዓት

ክፍል ውስጥ ሁሉንም ለመገልበጥ አትሩጡ። መምህሩ ከአንዱ መስመር ወደ ሌላው ለምን እንደተሻገረ የሚናገራትን ዓረፍተ ነገር ያዙ። እሷ ሃንድአውቱ ላይ የለችም። ያልገባችሁ ቦታ ላይ ትልቅ ጥያቄ ምልክት አድርጉና እለፉ።

ዋናው ሥራ የሚጀምረው ክፍሉ ካለቀ በኋላ ነው። በዚያው ቀን፣ ደብተሩን ሳትከፍቱ፣ ባዶ ወረቀት ላይ ዛሬ የተማርኩት ምንድን ነው ብላችሁ ጻፉ። የተፈታውን ምሳሌም ከመጀመሪያው ጀምራችሁ ለመሥራት ሞክሩ። ሩብ ሰዓት ይበቃል። መጀመሪያ ላይ በጣም ያስጠላል፤ ሦስት መስመር ጽፋችሁ ትቆማላችሁ። ችግር የለውም። የቆማችሁበት ቦታ ያልገባችሁ ቦታ ነው፤ አሁን ደብተሩን ክፈቱና እሷን ብቻ እዩ።

ይሄ የእኔ ፈሊጥ አይደለም። ጀርመናዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ኢቢንግሃውስ እ.ኤ.አ. በ1885 ባሳተመው ሥራው፣ ራሱን እየፈተነ፣ ሰው አዲስ ከያዘው ነገር ብዙውን የሚረሳው በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት እንደሆነ አሳይቷል። እ.ኤ.አ. በ2006 ደግሞ ሮዲገርና ካርፒክ የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች ተማሪዎችን ከፈሏቸው። አንዱ ቡድን ጽሑፉን ደጋግሞ እንዲያነብ፣ ሌላው አንብቦ ሳያይ እንዲጽፍ ተደረገ። ከአምስት ደቂቃ በኋላ ሲፈተኑ ደጋግመው ያነበቡት በለጡ። ከሳምንት በኋላ ግን ሳያዩ የጻፉት በግልጽ በልጠው ተገኙ። ደጋግሞ ማንበብ ለዛሬ ማታ ደስ ይላል፤ ፈተናው ሲደርስ ግን ውኃ ቅዳ ውኃ መልስ ሆኖ ይገኛል። በአራት ቀለም ሃይላይተር ያሸበረቀ ደብተርም እንዲሁ። ያምራል፤ አይፈተንም።

4. አንድን ጥያቄ እንዴት እንደምትይዙት

እዚህ ላይ ትንሽ እንቆያለን። ከዚህ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ የምትወስዱ ከሆነ ይህቺን ውሰዱ። የሜካኒክስም ሆነ የኤሌክትሪክ ሰርኪት ጥያቄ ሲገጥማችሁ በዚህ ቅደም ተከተል ሂዱ፦

- ጥያቄውን አንብቡና የተሰጠውንና የሚፈለገውን በራሳችሁ ቃል ጻፉ።
- ሥዕል ሣሉ። ትልቅ ይሁን፤ የጥፍር ያህል አይሁን።
- የትኛው የተፈጥሮ ሕግ እንደሚሠራ በአንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉ። "ዕቃው አይንቀሳቀስም፤ ስለዚህ የኃይሎቹ ድምር ዜሮ ነው" እንደማለት።
- እኩልታውን በፊደል ፍቱት። ቁጥር የሚገባው መጨረሻ ላይ ብቻ ነው።
- መልሱን ጠርጥሩት።

ሥዕሉን ብዙ ሰው ይዘለዋል። በጭንቅላቴ አየዋለሁ ይላል። ሜካኒክስ ውስጥ ፍሪ ቦዲ ዳያግራም የሚባለው ሥዕል አንድን አካል ከአካባቢው ነጥሎ፣ የሚነኩትንና የሚስቡትን ኃይሎች ሁሉ በቀስት ማሳየት ነው። ቀላል ይመስላል። እ.ኤ.አ. በ1981 አሜሪካ ካንሳስ ሲቲ ውስጥ አንድ ሆቴል ነበር። አዳራሹ ላይ ሁለት መተላለፊያ ድልድዮች፣ አንዱ ከሌላው በላይ፣ በብረት ዘንግ ተንጠልጥለው ይታዩ ነበር። በመጀመሪያው ንድፍ አንድ ረዥም ዘንግ ከጣሪያው ወርዶ ሁለቱንም ይይዛል። በግንባታ ጊዜ ሥራው እንዲቀል ዘንጉ ለሁለት ተከፈለ፤ አንዱ ከጣሪያ እስከ ላይኛው ድልድይ፣ ሌላው ከላይኛው ድልድይ እስከ ታችኛው። ልዩነቱ ምንድን ነው? ሁለት ሰዎች አንድ ገመድ ላይ ተንጠልጥለው አስቧቸው። እያንዳንዱ የራሱን ክብደት ነው የሚይዘው። አሁን ታችኛው ሰው ገመዱን ለቅቆ የላይኛውን እግር ይያዝ። ገመዱ ምንም አልተቀየረበትም። የላይኛው ሰው እጅ ግን የሁለት ሰው ክብደት ይዟል። ላይኛው ድልድይ ሥር ያለው ማያያዣም እንዲሁ እጥፍ ጭነት መጣበት። ድልድዮቹ ወደቁ፤ 114 ሰው ሞተ። ይህን ለማየት የሚያስፈልገው ሥዕል የአንደኛ ዓመት ሥዕል ነው፤ አራት አምስት ቀስት።

ቁጥርን ወደ መጨረሻ ማቆየት ለምን? በፊደል የተፈታ መልስ ሊፈተሽ ስለሚችል ነው። ሰበቃ በሌለው ተዳፋት ላይ የሚንሸራተት ዕቃ ፍጥንጥነቱ የስበት ፍጥንጥነት ሲባዛ በተዳፋቱ አንግል ሳይን ነው። አንግሉን ዜሮ አድርጉት፤ ሜዳ ሆነ፤ መልሱ ዜሮ፤ ዕቃው አይንቀሳቀስም። 90 አድርጉት፤ ገደል ሆነ፤ መልሱ 9.81፤ ዕቃው በነጻ ይወድቃል። ሁለቱም ከምናውቀው ጋር ይስማማሉ። ተሳስታችሁ በሳይን ፈንታ ኮሳይን ብትጽፉ ኖሮ ሜዳ ላይ የተቀመጠ ዕቃ ሲፈተለክ ታዩት ነበር። ገና ከመጀመሪያው 9.81ን በ37 ዲግሪ ኮሳይን አባዝታችሁ 7.83 የሚል ቁጥር ብታወጡ ግን ምን ትጠረጥራላችሁ? ቁጥር አይናገርም።

የመለኪያ አሃድን በየመስመሩ ጻፉ። ነጥብ እንዳይቀነስባችሁ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1983 ካናዳ ውስጥ አንድ ቦይንግ 767 አውሮፕላን 22,300 ኪሎ ግራም ነዳጅ ያስፈልገው ነበር። የነዳጁን ሊትር ወደ ክብደት ሲቀይሩ በ1.77 አባዙ። 1.77 ግን አንድ ሊትር ነዳጅ በፓውንድ የሚመዝነው ነው፤ በኪሎ ግራም 0.8 ገደማ ነው። አውሮፕላኑ ከሚያስፈልገው ከግማሽ ባነሰ ነዳጅ ተነሣ፤ መንገድ ላይ ሁለቱም ሞተሮች ጠፉ። አብራሪዎቹ እንደ ተንሸራታች አውሮፕላን እየመሩ ጊምሊ በተባለ ቦታ አንድ የቀድሞ የአየር ኃይል ማረፊያ ላይ አሳረፉት፤ ሁሉም ሰው ተረፈ። ማባዛቱ ትክክል ነበር። ከ1.77 አጠገብ መጻፍ የነበረባት አንዲት ቃል ናት የጠፋችው።

5. ስትቆሙ

ትቆማላችሁ። በየቀኑ ትቆማላችሁ። ትምህርቱ የሚገባውም ያኔ ነውና ቶሎ አትሽሹ። የእኔ ደንብ ግማሽ ሰዓት ነበር። ግማሽ ሰዓት ሙሉ፣ እስክሪብቶ ይዤ፣ የሞከርኩትን እየጻፍኩ። ማፍጠጥ አይቆጠርም። ከዚያ ካልሆነ ሰው መጠየቅ።

መምህር ዘንድ ስትሄዱ "ምዕራፍ 4 አልገባኝም" ብላችሁ አትሂዱ። ለዚህ መልስ የለውም፤ ምዕራፉን እንደገና ሊያስተምራችሁ አይችልም። የሞከራችሁበትን ወረቀት ያዙ። "እስከዚህ ደርሻለሁ፤ እዚህ ጋ የሰበቃው ኃይል ወደየት እንደሚያመለክት አላወቅኩም" በሉ። አምስት ደቂቃ አይፈጅም። መምህሩም ወረቀቱን ሲያይ ሌላ የማታውቁትን ስህተት ያገኝላችኋል። ማፈር ያለ ነው፤ እኔም የመጀመሪያውን ሴሚስተር ሙሉ አንድም ቀን የመምህር ቢሮ አላንኳኳሁም። በኋላ የወሰደችኝ ያቺ ስምንት ነጥብ ናት።

የተሠሩ መልሶችንና የአርቴፊሻል ኢንተለጀንስ ቻትቦቶችን በተመለከተ አትንኩ አልልም፤ ማንም አይሰማኝምና። ቅደም ተከተሉ ግን ይጠበቅ። መጀመሪያ ግማሽ ሰዓቷ። ቀጥሎ መልሱን እስከ ተያዛችሁባት መስመር ድረስ ብቻ አንብቡ፤ ቀሪውን ሸፍኑት። ቻትቦትም ከሆነ ፍታልኝ ሳይሆን ስህተቴ የት መስመር ላይ እንደሆነ ብቻ ንገረኝ በሉት፤ እሱም በልበ ሙሉነት ይሳሳታልና አረጋግጡ። በመጨረሻም ሁሉንም ዘግታችሁ ያንኑ ጥያቄ በማግስቱ ከባዶ ወረቀት ሥሩት። ይህ የመጨረሻው ከቀረ አሳይመንቱ አሥር ከአሥር ይመጣል፤ ፈተናው ላይ ግን የሰው ወርቅ አያደምቅም።

የቡድን ጥናት ሦስት ወይም አራት ሰው ነው። ከዚያ ካለፈ የጨረባ ተዝካር ይሆናል። ሁሉም በየግሉ ሞክሮ ይምጣ፤ ስትገናኙ አንዱ ተነሥቶ ሰሌዳ ላይ ይፍታ፣ ሌሎቹ ለምን እያሉ ያስጨንቁት። ሁሌ የሚፈታው አንድ ሰው ብቻ ከሆነ እየተማረ ያለው እሱ ብቻ ነው።

6. ላብ

ላብ ብዙ ሰው ቸል ይለዋል፤ ነጥቡ ትንሽ ነውና። ምህንድስና ምን እንደሚመስል ቀድሞ የሚታየው ግን እዚያ ነው። አንድ ሜትር ርዝመት ባለው ፔንዱለም የስበት ፍጥንጥነትን ለኩ ተባላችሁ እንበል። ፔንዱለሙ ሄዶ ለመመለስ 2 ሰከንድ ገደማ ይፈጅበታል። ሰዓት ስታስነሡና ስታቆሙ እጃችሁ 0.2 ሰከንድ ቢሳሳት፣ አንድ ዙር ብቻ ከለካችሁ ስህተቱ 10 በመቶ ነው። ቀመሩ ውስጥ ጊዜው በስኩዌር ስለሚገባ መልሱ ላይ ወደ 20 በመቶ ይደርሳል። ሃያ ዙር ለክታችሁ ለሃያ ብታካፍሉት ግን ያቺው 0.2 ሰከንድ ለ40 ሰከንድ ትካፈላለች፤ መልሱ ላይ 1 በመቶ ገደማ ብቻ ትሆናለች። የተሻለ መሣሪያ አልገዛችሁም። አስባችሁ ለካችሁ እንጂ።

ስለዚህ ወደ ላብ ከመግባታችሁ በፊት መመሪያውን አንብቡና ትልቁ ስህተት ከየት ሊመጣ ይችላል ብላችሁ ጠይቁ። የተለካውን እዚያው በእስክሪብቶ መዝግቡ። የተሳሳተውን አታጥፉት፤ በአንድ መስመር ሰርዛችሁ ምክንያቱን አጠገቡ ጻፉ። ውጤቱ ከመጽሐፉ ጋር አልገጥም ካለ ቁጥሩን አትጠምዝዙት። ለምን እንዳልገጠመ የጻፈ ሪፖርት ብዙውን ጊዜ የተሻለ ነጥብ ያገኛል። በሚሊሜትር ማስመሪያ የለካችሁትን ነገር ካልኩሌተሩ ስላወጣው ብቻ ስምንት ዲጂት አድርጋችሁ አትጻፉት።

7. ፕሮግራሚንግና ድሮዊንግ

ኮድ ነክታችሁ የማታውቁ ከሆነ፣ አጠገባችሁ ያለው ልጅ ከልጅነቱ ጀምሮ ሲጽፍ የኖረ መስሎ ይታያችኋል። ጥቂቶቹ እውነትም ናቸው። ተዉአቸው። እናንተ ሁለት ሦስት መስመር ጻፉና አስኪዱት፤ ሠራ? ቀጥሉ። ሃምሳ መስመር ጽፎ መጀመሪያ ያስኬደ ሰው ስህተቱን ፍለጋ ሌሊቱን ያነጋል። የስህተት መልእክት ሲዘረገፍባችሁ የመጀመሪያውን አንብቡ። ሌሎቹ ብዙ ጊዜ የእሱ ልጆች ናቸው። ኮዱ ሠርቶ መልሱ ከተበላሸ ደግሞ በእጅ ልታሰሉት የምትችሉትን ትንሽ ምሳሌ ስጡት። በሲ ቋንቋ 5 ለ2 ሲካፈል 2 ነው፤ ሁለቱም ሙሉ ቁጥር ስለሆኑ ትርፉን ይጥለዋል። እኔ ይህችን ለማግኘት አንድ ቅዳሜ ሙሉ ፈጅቶብኛል።

ድሮዊንግ ልምምድ ነው፤ ሌላ ምሥጢር የለውም። ዕቃን ከፊት፣ ከላይና ከጎን ማየት ካቃታችሁ ከሳሙና ቆርጣችሁ ሥሩትና በእጃችሁ እያዞራችሁ እዩት።

8. ፈተና

ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይባላል። የፈተና ዋዜማ ሽምደዳ እንደዚያው ነው። ከሦስት ሳምንት በፊት የቆዩ ፈተናዎችን ፈልጉና አንዱን አስቀምጡት፤ አትዩት። ሌሎቹን በርዕስ በርዕስ ሥሩ። ፈተናው ሳምንት ሲቀረው ያስቀመጣችሁትን አውጡና ልክ እንደ ፈተናው ቀን፣ ሰዓት ይዛችሁ፣ ደብተር ዘግታችሁ ተፈተኑት። ያኔ የምትደነግጡት ድንጋጤ ከእውነተኛው ቀን ላይ ይቀነስላችኋል።

የፈተና ቀን ካልኩሌተራችሁን ከፍታችሁ መጀመሪያ የ30ን ሳይን ጠይቁት። 0.5 ካለ ዲግሪ ላይ ነው። −0.988 ካለ ራዲያን ላይ ነው። እኔ ሳልጠይቀው ገብቼ አንድ ሙሉ ጥያቄ በትክክለኛ መንገድ ተጉዤ የተሳሳተ መልስ ላይ ደርሻለሁ። መልሱ አሉታዊ ኃይል ሲሆን እንኳ አልጠረጠርኩም፤ የአራተኛዋን እርምጃ የመጨረሻ መስመር ዘልያታለሁና።

የተመለሰ የፈተና ወረቀት አጣጥፋችሁ አታስቀምጡ። ነጥብ የጠፋበትን ቦታ ሁሉ ከሦስት በአንዱ መድቡት፤ አላውቀውም ነበር፣ አውቀው ነበር ግን ሰዓት አልበቃኝም፣ አውቀው ነበር ግን ተሳሳትኩ። መድኃኒቱ ለየቅል ነው። የመጀመሪያው ትምህርቱን እንደገና ማየት ይፈልጋል። ሁለተኛው በሰዓት መለማመድ ነው። ሦስተኛው አሃድ መጻፍ፣ ሥዕል መሣል፣ መልስን መጠርጠር። ብዙ ተማሪ ሦስቱንም በአንድ ቃል "ከበደኝ" ይላቸውና ለሁሉም ያንኑ ማንበብ ይጨምራል።

9. ውጤቱ ሲወርድ

ከየክፍላቸው አንደኛ ሲወጡ የኖሩ ልጆች አንድ ክፍል ሲሰበሰቡ አንደኛ የሚወጣው አንድ ሰው ብቻ ነው። ይህ ሒሳብ ነው፤ ስለ ጭንቅላታችሁ የሚናገረው ነገር የለም። ያም ሆኖ ያማል። በተለይ ከቤት ርቃችሁ ከሆነ፣ ቤተሰብ ደግሞ "ትምህርት እንዴት ነው?" ብሎ ሲደውል።

እንቅልፍ አትቁረጡ። ሌሊቱን አንግቶ ፈተና የገባ ሰው የሚያውቀውን ይስታል። የሚያናግራችሁ አንድ ሲኒየር ያዙ፤ ያለፈበት ስለሆነ የትኛው አሳይመንት ጊዜ እንደሚበላ ያውቃል። ለሳምንታት መብላት፣ መተኛት፣ ከአልጋ መነሣት ካስጠላችሁ ግን ጉዳዩ የጥናት ዘዴ አይደለም። ለግቢው የምክር አገልግሎት ወይም ለሐኪም ንገሩ፤ ውጤት እስኪበላሽ አትጠብቁ። አንድ ኮርስ ከአቅም በላይ ከሆነም ኮርስ መቀነሻ ቀነ ገደቡ መቼ እንደሆነ ቀድማችሁ እወቁ፤ ብዙ ሰው የሚሰማው ካለፈ በኋላ ነው።

በአንድ መጥፎ ሴሚስተር ደግሞ ምህንድስና አይሆነኝም ብላችሁ አትወስኑ። አንደኛ ዓመት በአብዛኛው ሒሳብና ፊዚክስ ነው፤ ድልድዩም ማሽኑም ገና አልመጣም። መወሰን ካለባችሁ አንድ የሦስተኛ ዓመት ክፍል ውስጥ አስፈቅዳችሁ ተቀምጡና እዩ።

ሴሚስተሩ አልቆ ዕረፍት ስትወጡ ደብተሩን አትጣሉት። ሁለተኛው ሴሚስተር ሊጀመር አንድ ሳምንት ሲቀረው ከሜካኒክስ አምስት፣ ከካልኩለስ አምስት ጥያቄ ምረጡ። መልሱን ሌላ ክፍል ውስጥ አስቀምጡት። ከዚያ ወረቀት አውጡ።